ካበርኔው አልተበላሸም፣ ሞቆት ነው

ጥያቄው ረጅም ስለነበር ሌላውም ሰው እንዲገባው አሳጥሬ ላስቀምጠውና ልጀምር። እህታችን የጻፈችው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር ነው። አባቷ 70 ዓመት ሊሞላቸው ነው፣ በግንቦት እቤት 40 ሰው ተጠርቷል፣ ወንድሟ ደሞ ከአዲስ አበባ በመኪና 12 ጠርሙስ ካበርኔ ሶቪኞን የሚባል የቺሊ ቀይ ወይን ጭኖ መጥቷል። አንዱን ለቅምሻ ከፈቱትና "አፍ ያደርቃል፣ ይመራል፣ አረቄ አረቄ ይሸታል፣ ተበላሽቶ ይሆን እንዴ?" ትላለች። አባቷ የምድር ባቡር ሰው ናቸው፣ ቀይ ወይን ፍሪጅ አይገባም ብለው ከልክለዋል። እናቷ ለደም ጥሩ ነው ይላሉ፣ ወንድሟ ከዶሮ ወጥ ጋር ይቅረብ ይላል፣ አክስቷ ኮካ ይደረግበት ባይ ናቸው። ሜኑው ዶሮ ወጥ፣ ክትፎ፣ ጥብስ፣ ሀኒድ በሩዝ፣ ሰላጣ፣ መጨረሻ ላይ ቶርታ። የተከፈተው ጠርሙስ ደሞ ቡሹ ተመልሶበት ኪችን ውስጥ አራት ቀን ሆኖታል።

አቦ መጀመሪያ ተረጋጊ፣ ወይኑ አልተበላሸም። የተበላሸ ወይን ወይ እንደ ኮምጣጤ አፍንጫ ይወጋል፣ ወይ እርጥብ ካርቶንና ሻጋታ ይሸታል፣ ወይ ቀለሙ ወደ ቡኒ ሄዶ የተቀቀለ ዘቢብ ዘቢብ ይላል፣ አንቺ ከጻፍሽው ውስጥ አንዱም የለም። ማድረቁ የወይኑ የራሱ ባህሪ ነው፣ አረቄ መሽተቱ የድሬ ሙቀት ነው፣ መምረሩ ደሞ የሁለቱ ድምር ሆኖ ከምን ጋር እንደጠጣችሁት ይወሰናል። እኔ ሆቴል ውስጥ ባርና ሬስቶራንት ላይ ነው የምሠራው፣ እዚህ ከተማ ደንበኛ "ይሄ ወይን ልክ አይደለም" ብሎ ጠንካራ ቀይ ወይን ሲመልስ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የጠርሙሱ አይደለም፣ ወይ ሞቆ ነው የቀረበው ወይ ሚጥሚጣ ላይ ነው ያረፈው።

ማድረቁን ላስረዳሽ፣ እሱ ከገባሽ ምግቡን ራስሽ ትመርጪዋለሽ። ጥቁር ወይን ፍሬ ብትጨምቂ ጭማቂው አብዛኛውን ጊዜ ነጣ ያለ ነው። ቀይ ወይን ቀይ የሚሆነው ጭማቂው ከነልጣጩና ከነዘሩ አብሮ ስለሚብላላ ነው፣ ቀለሙም ታኒን የሚባለውም ነገር ከዛ ነው የሚወጣው። ካበርኔ ደሞ ፍሬው ትንንሽ፣ ልጣጩ ወፍራም ነው፣ ስለዚ ለጭማቂው መጠን ልጣጩ ብዙ ነው ማለት ነው፣ ታኒኑም እንደዛው። ይሄ ታኒን አፍሽ ውስጥ ሲገባ ምራቅሽን የሚያንሸራትተውን ፕሮቲን ይይዘዋል፣ ምላስሽና ላንቃሽ የተጣበቀ የሚመስልሽ ለዛ ነው። ካላመንሽኝ አሁኑኑ ሻይ ቅጠል አብዝተሽ አፍይና ያለ ስኳር አንዴ ፉት በይው፣ ያው ድርቀት ነው፣ ምክንያቱም ያው ነው። ከዛ ትንሽ ወተት ጨምሪበትና ድገሚው። ለሰለሰ አይደል? የወተቱ ፕሮቲን ቀድሞ ታኒኑን ስለያዘው ለምራቅሽ የሚተርፍ ብዙም አልቀረም። ሥጋም ወይኑ ላይ የሚሠራው ይሄንኑ ነው፣ ስቡ ደሞ ምላስሽን ይሸፍንልሻል፣ ጨው ሲኖርበት ምሬቱም ይቀንሳል። ባዶ አፍ ላይ ሲጠጣ የሚያስጠላ ካበርኔ ከጮማ ጋር ሲሆን ሌላ ወይን የሚሆነው ለዚ ነው። እናንተ ለቅምሻ ስትከፍቱት ከምን ጋር ነበር? በባዶ ሆድ ወይ ከቆሎ ጋር ከሆነ ፈተናውን ያከበዳችሁት እናንተው ናችሁ።

ስለ ወይኑ ራሱ ትንሽ ልበል። ካበርኔ ሶቪኞን መነሻው ፈረንሳይ ቦርዶ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣ የዲኤንኤ ጥናት ወላጆቹ ካበርኔ ፍራንና ሶቪኞን ብላን መሆናቸው ታውቋል፣ ሁለተኛው ነጭ ወይን ነው፣ ይሄን ጥቁር ነገር ከነጭ የተወለደ ነው ብትያቸው እንግዶችሽ አያምኑሽም። ሽታው ጥቁር እንጆሪ መሰል ፍራፍሬ ነው፣ ከስሩ ደሞ አረንጓዴ ቃሪያ ቃሪያ የሚል ነገር አለው፣ ይሄ የፈጠራ ወሬ አይደለም፣ ቃሪያን ቃሪያ የሚያሸተው ኬሚካል ራሱ ካበርኔ ውስጥ አለ። በርሜል ውስጥ የቆየ ከሆነ ቫኒላና እርሳስ ሲቀረጽ የሚወጣው የእንጨት ሽታ ይጨመርበታል። የቺሊው ፀሐይ ጠግቦ ስለሚበስል አልኮሉ ብዙ ጊዜ ከ13.5 እስከ 14.5 በመቶ ነው፣ ጀርባው ላይ ተጽፏል፣ እይው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ አባትሽ ልምጣ። አባትሽ የሰሙት ነገር እውነት ነው፣ ግን የተባለው ለሌላ ሀገር ቤት ነው። ፈረንሳዮች ቀይ ወይን በቤቱ ሙቀት ይቅረብ ሲሉ ቤታቸው የድንጋይ ቤት ነው፣ ማሞቂያም አልነበረውም፣ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ማለታቸው ነው። ድሬ በግንቦት ቀን ላይ 35 ትገባለች፣ ሳሎናችሁ ፋን እየዞረም ቢሆን ከ28 በታች አይወርድም። በዛ ሙቀት ቀድሞ ከብርጭቆው የሚነሳው አልኮሉ ነው፣ ፍራፍሬው ይደበቃል፣ ያ "አረቄ አረቄ" ያልሽው ሽታ ይሄው ነው። ሐረር ብትሆኑ ኖሮ ብዙም አልጨነቅም ነበር፣ ከፍታው ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነ ማታ ቤቱ ራሱ ያቀዘቅዝላችኋል። እዚህ ግን ካላቀዘቀዛችሁት ከቦርዶ የመጣው አንደኛ ደረጃ ወይንም ቢሆን የተሞቀ ነገር ነው የሚሆነው።

ታዲያ በረዶ እስኪሆን ድረስም አይደለም ደሞ። ፍሪጅ ውስጥ አድሮ 4 እና 5 ዲግሪ ላይ ሲወጣ ታኒኑ ይበረታል፣ ምሬቱም ይወጣል፣ ሽታው ጭራሽ ይጠፋል። ሳሎን የቆየውን ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ብታስገቢው ይበቃዋል። ግን ያን ቀን ፍሪጁ በለስላሳና በውሃ ይሞላል፣ በየደቂቃው ይከፈታል፣ መብራትም ሊሄድ ይችላል፣ ስለዚ እኔ የምመርጥልሽ ባልዲ ነው። ትልቅ ባልዲ ወይ ሳፋ ውስጥ በረዶና ውሃ ግማሽ በግማሽ አድርጊ፣ በረዶ ብቻ አይሆንም፣ ጠርሙሱን ዙሪያውን የሚያቅፈው ውሃው ነው። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። ሲወጣ እጅሽ ላይ ቀዝቀዝ ይላል እንጂ እንደ ቢራ ጠርሙስ አያንዘረዝርም። ትንሽ ቀዝቀዝ ብሎ ቢጀምር ችግር የለውም፣ ብርጭቆ ውስጥ ራሱ ይሞቃል፣ ለዛም ነው ብርጭቆውን ሲሶ ብቻ ሙሉ የምልሽ፣ አስተናጋጆቹ እስከ አፉ ከሞሉት ሰውየው ግማሹ ጋ ሳይደርስ ሞቆበታል። አባትሽ እንደሆነ ፍሪጅ አይገባም ነው ያሉት እንጂ ባልዲ አይገባም አላሉም።

ሌላ ማየት ያለብሽ ነገር ጉዞው ነው። ወንድምሽ በአዋሽና በሚኤሶ ያን ሁሉ በረሃ አቋርጦ ሲመጣ ካርቶኑ የኋላ ኮፈን ውስጥ ነበር አይደል? የቆመ መኪና ኮፈን ውስጥ ያለው ሙቀት ከውጪው ይብሳል። እያንዳንዱን ጠርሙስ አንስተሽ አንገቱን እይ፣ ቡሹ ወደ ላይ የገፋ ከሆነ ወይም ክዳኑ ስር የሚያጣብቅ የደረቀ ወይን ካለ ያ ጠርሙስ በሙቀት ተቀቅሏል ማለት ነው፣ እሱን ለብቻው አስቀምጪና መጀመሪያ እሱን ቅመሺ። የአንድ ቀን መንገድ ብቻ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል። እስከ በዓሉ ግን ፍሪጅ አናት ላይ እንዳታስቀምጪው፣ ሰው ሁሉ እዛ ነው የሚያስቀምጠው፣ ከኋላው የሚወጣው ሙቀት ሁሉ ወደዛ ነው የሚሄደው። ፀሐይ የማያገኘው ክፍል ውስጥ አልጋ ስር አስተኝተሽ አስቀምጪው፣ ቡሹ ከወይኑ ጋር ተነካክቶ እንዳይደርቅ።

ከመቅረቡ ግማሽ ሰዓት በፊት ሰፊ ጆግ ውስጥ ገልብጪው፣ ቶሎ ቶሎ ይገልበጥ፣ ይንጫጫ፣ አየር ሲያገኝ የተዘጋው ሽታ ይከፈታል፣ ታኒኑም ለስለስ ይላል። ጆጉንም በረዶ ውሃው ላይ አስደግፊው፣ አለበለዚያ አቀዝቅዘሽ መልሰሽ ልታሞቂው ነው።

ምግቡ ጋ ስንመጣ፣ ከሜኑሽ ውስጥ ለዚህ ወይን የተፈጠረው ሀኒዱ ነው፣ በቃ አልጠራጠርም። ሀኒድ ስብ ያለው ሥጋ ነው፣ ለረጅም ሰዓት ታፍኖ የበሰለ፣ ጨው ያለው፣ ቅመሙ ከሙን፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ሄል፣ እርድ ነው፣ ማለትም ይሸታል እንጂ አያቃጥልም። ይሄ ሁሉ ካበርኔ የሚፈልገው ነው። ስታዢ ፍየል ሳይሆን በግ ይሁን በይ፣ ፍየሉ ጣፋጭ ነው ግን ቀጭን ነው፣ እዚህ እኛ ጋ የሚታረደው ጥቁር ራስ የሶማሌ በግ ስቡ ጥሩ ነው፣ ከጎድኑና ከትከሻው አድርጉልኝ በያቸው። ሲቀርብ እንዲህ ሞክሪው፣ ከአጥንቱ የለቀቀውን ሥጋ ከነስቡ፣ ከስር ያለውን ያን የሥጋው ጭማቂ የገባበት ሩዝ ትንሽ አድርገሽ ጉረሺ፣ አኝኪው፣ ጨርሰሽ ሳትውጪው ትንሽ ወይን ፉት በይበት። ስቡ አፍሽን ሲለቀው ይታወቅሻል፣ ወይኑም ማድረቁን ትቶ ፍራፍሬውን ያወጣዋል፣ ሄሉና የበርሜሉ ቫኒላ ይገናኛሉ። ከዛ አባትሽን እያቸው። አብሮት የሚመጣው የቲማቲምና የቃሪያ ማባያ ላይ ግን እጅሽን ሰብስቢ፣ እሱን ለውሃና ለለስላሳ ጠጪዎች ተይላቸው። አንድ ነገር ደሞ፣ ሀኒድ ቤቶቹ የሙስሊም ቤቶች ናቸው፣ ጠርሙስ ይዞ እዛ መቀመጥ የለም፣ ታውቂዋለሽ፣ አዘሽ እቤት ነው።

ጥብሱ ሁለተኛ ነው። ደረቅ ጥብስ ይሁን፣ ጠርዙ ጠቆር ጠቆር እስኪል የተጠበሰ፣ የጥብስ ቅጠል በደንብ ይግባበት፣ ቃሪያው ዘሩ ወጥቶ ይጨመር፣ ቅድም ያልኩሽን የቃሪያ ሽታ ወይኑ ውስጥ ታገኚዋለሽ፣ እንደተቀጣጠሩ ነው የሚገናኙት። አዋዜው ለብቻ ይቅረብ። እርጥብ ጥብስ በቲማቲም ግን ለዚህ ወይን ብዙም አልወደውም።

ክትፎ ላይ ሰው ይከራከረኛል። ቅቤውም ሥጋውም ወይኑን ይወዱታል፣ ኮረሪማውም አሪፍ ነው፣ ችግሩ ሚጥሚጣው ነው። ሚጥሚጣና በርበሬ የሚያቃጥሉት እንደ ጣዕም ሳይሆን እንደ እሳት ነው፣ አፍሽ ውስጥ ሙቀት የሚለየውን ነርቭ ነው የሚነኩት፣ አልኮልም ያንኑ ነርቭ ይቀሰቅሰዋል። 14 በመቶ አልኮል ያለው ወይን ሚጥሚጣ ላይ ስታፈሺበት ቃጠሎው ይጨምራል እንጂ አይበርድም፣ በዛ ላይ ታኒኑ የተቃጠለ ምላስ ላይ የባሰ ሻካራ ነው። ስለዚ ክትፎው ለብለብ ይሁን፣ ሚጥሚጣው በጥቂቱ ይግባና የቀረው ዳር ይቀመጥ፣ የፈለገ ይጨምር፣ አይቡ በዛ ብሎ ይቅረብ። ቁርጥም ብታስቡ እንደዛው ነው፣ ቀዩን ሥጋ ብቻ ሳይሆን ጮማ ያለውን፣ ሻኛውን ምናምን ምረጡ።

ዶሮ ወጥ ላይ ወንድምሽ ይቅርታ ያድርግልኝ፣ ተሳስቷል። ሁለት ነገር ነው የሚያበላሽበት። አንዱ በርበሬው፣ ሁለተኛው ሽንኩርቱ። ያን ያህል ሽንኩርት ለሰዓታት ቁሌት ላይ ሲውል ጣፋጭ ይሆናል፣ ጣፋጭ ምግብ ደሞ ድራይ (ስኳር የሌለበት) ወይንን የባሰ መራራና ኮምጣጣ ያደርገዋል። እንጀራውም አለ፣ እንጀራ ኮምጣጣ ስለሆነ የዚህ ዓይነቱ ወይን አሲድ ይደክምበታል፣ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ለዚህም ነው ካበርኔው በሩዝና በዳቦ በኩል ይሂድ የምለው። ዶሮ ወጥ የሚፈልገው ትንሽ ስኳር ያለውና አልኮሉ ዝቅ ያለ ነገር ነው። አካሽያ ሚድየም ስዊት ቀዩን በደንብ አቀዝቅዛችሁ አቅርቡ፣ ወይ ለስላሳ ጠጅ፣ ካልሆነም ቀዝቃዛ ሐረር ቢራ፣ ማንም አይቀየማችሁም። ካርቶኑን ለዶሮ ወጥ አታባክኑት።

ሰላጣው ሎሚና ኮምጣጤ ካልበዛበት ዝም ብሎ ያልፋል። ቶርታው ሲመጣ የወይን ብርጭቆው ይነሳ፣ ክሬም ከተበላ በኋላ ካበርኔ መድኃኒት ነው የሚመስለው፣ ለቶርታው ቡና ይፈላ። ሜኑሽ ላይ ዓሣ የለም፣ ጥሩ፣ እንዳይጨመር፣ ቀይ ወይን ውስጥ ያለው ብረት ከዓሣ ስብ ጋር ሲገናኝ ሳንቲም የመላስ ዓይነት ነገር ያመጣል።

አንድ ማንም የማይጽፈው የድሬ ጉዳይ አለ፣ በርጫ፣ የከሰዓቱ ጫት ቅሚያ። ግብዣው ማታ 12 ሰዓት ቢሆንም ግማሹ ወንድ ከሰዓት ሲቅም ውሎ ነው የሚመጣው። ጫትም ራሱ ታኒን አለው፣ አፉ ደርቆ፣ ሻይና ለስላሳ ሲጠጣበት ውሎ የመጣ ሰው ላይ ቀጥታ ካበርኔ ለጨብሲ (ምርቃናውን ለመስበር) ብትሰጪው ይሄ ምን ዓይነት ሬት ነው ብሎ ለቢራ ይጮሃል፣ የምግብ ፍላጎቱም ገና አልመጣም። እነዚህን ሰዎች በሾርባና በውሃ ጀምሪያቸው፣ ወይኑን ሀኒዱ ሲከፈት ብቻ ነው የምታመጪላቸው። ለጨብሲ ከሆነ ቢራው ይበቃቸዋል አቦ፣ ወይኑ ለሚበላ ሰው ነው።

እናትሽ ስለ ደም ያሉትን ብዙ ሰው ያምነዋል፣ ቀለሙ ነው የሚያሳምነው። ቀይ ወይን ደም አይተካም፣ እንዲያውም ታኒን ከምስርና ከአትክልት የሚገኘው ብረት ሰውነት ውስጥ በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል። ደም ማነስ ካለባቸው ሐኪም ያያቸው፣ አባትሽም የደም ግፊት ወይ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከወይኑ በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

አክስትሽ ግን እንዳትስቁባቸው። ስፔን ውስጥ ባስክ የሚባሉት ሰዎች ቀይ ወይንና ኮካ ግማሽ በግማሽ ቀላቅለው በበረዶ ይጠጣሉ፣ ስምም አለው፣ ካሊሞቾ ይባላል፣ ሰው ሁሉ እንደሚያስበው የኛ ሀገር ፈጠራ ብቻ አይደለም። ኮካው ጣፋጭ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ አልኮሉን ይቀንሰዋል፣ በዚህ ሙቀት ትርጉም አለው። እኔ የምለው ለዛ ነገር ውዱን ጠርሙስ አትጠቀሙ ነው፣ ጉደር ግዙላቸውና እንደፈለጉ ይቀላቅሉ። ወይም ከዚህ የተሻለ ላሳይሽ፣ አንድ ጠርሙስ ጉደር ትልቅ ጆግ ውስጥ፣ ሁለት ብርቱካን ከነልጣጩ ተቆራርጦ፣ አንድ ማንጎ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሁለት ሰዓት ፍሪጅ ይቆይ፣ ሲቀርብ አምቦ ውሃና በረዶ ይጨመርበት። ሳንግሪያ ማለት ይሄ ነው። ጠንካራ ወይን የማይወዱት ሁሉ እሱን ከበው ይቀመጣሉ፣ ካበርኔው ለወዳጆቹ ይተርፋል። ዶሮ ወጥ ላይም ይሠራል፣ ወንድምሽን በሱ አስታርቂው።

ብዛቱን እናስላ። አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ነው፣ በ150 ሚሊ አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል፣ አሁን የቀረሽ 11 ነው፣ 55 ብርጭቆ ማለት ነው። ከ40ው ሰው የማይጠጣው ብዙ ነው፣ 20 ሰው ይጠጣል ብትይ ለእያንዳንዱ ሁለት ደርሶ ይተርፋል፣ በቂ ነው፣ አትጨምሪ። አንድ የ14 በመቶ ብርጭቆ ወይን ውስጥ ያለው አልኮል ከአንድ ጠርሙስ ቢራ ይበልጣል፣ ሰው ግን ብርጭቆው ትንሽ ስለሆነ ቢራ የጠጣም አይመስለው። በደንገጎ ወደ ሐረር የሚመለስ ሹፌር ካለ ሁለተኛውን ብርጭቆ እንዳትሰጪው፣ ብትችዪ አንደኛውንም። ለማይጠጡት እንግዶች ደሞ ጠረጴዛውም፣ ብርጭቆውም ለብቻ ይሁን፣ ጭማቂውም በደንብ ይዘጋጅ፣ የማንም ምግብ ውስጥ ወይን እንዳይገባ ለሚያበስሉት ሁሉ ቀድመሽ ንገሪ፣ "ለጣዕም" ብሎ ድስት ውስጥ ጠብ የሚያደርግ ሰው አይጠፋም።

ለወደፊቱ ስትገዙ፣ አባትሽ ጠንካራ ነገር ከወደዱ ግን ማድረቁ ካልተመቻችሁ ማልቤክ ፈልጉ፣ የአርጀንቲናው ጥቁር ነው፣ ወፍራም ነው፣ ታኒኑ ግን ከካበርኔ ይለዝባል። ሲራ ደሞ ቁንዶ በርበሬ የሚሸት ወይን ነው፣ ሽታው ከቁንዶ በርበሬው ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ ኬሚካል የሚመጣ ነው፣ ለጥብስና ለቋንጣ እሱን ነው የምመርጠው። ከውጪ የመጣ ብቻ አትበሉ፣ ዝዋይ የሚመረተው ሪፍት ቫሊ ካበርኔም፣ ሲራም፣ መርሎም አለው፣ ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፣ ታኒኑ ከቺሊው ቀለል ያለ ስለሆነ ለኛ ምግብ እንዲያውም ይቀርባል። ጠርሙሱ ላይ ድራይ ይላል ወይስ ሚድየም ስዊት ይላል የሚለውን ሳታዩ ግን እንዳትከፍሉ፣ ሱቅ ውስጥ ያለው ልጅ ሁሉንም "ቀይ ወይን" ብሎ ነው የሚሸጥልሽ።

ኪችን ያለው ጠርሙስ፣ አራት ቀን በድሬ ሙቀት ጠረጴዛ ላይ ከቆየ ለመጠጥ አልመክርሽም። ፍሪጅ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይቆይልሽ ነበር። ክፈቺና አሽቺው፣ ገና ወይን ወይን የሚል ከሆነ እናንተው ብቻ የምትበሉት የበሬ ሥጋ ቀቅዪበት፣ ሽንኩርትና ካሮት አድርጊ፣ ሁለት ብርጭቆ ወይን፣ እሳቱ ዝቅ ብሎ ሁለት ሰዓት ይብሰል፣ በፓስታ ይበላል። ኮምጣጤ ከሸተተሽ ግን ለድስትም አይሆንም፣ ድፊው።